ወርሃዊ ክፍያው ሲቆም ምን ይቀራል?
በደብረ ብርሃን ለሚና ጨዋታ ቡድኖች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና ወላጆች፤ ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲናና ከመሐል ሜዳ የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ጠበብ ያለ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ የምንጫወታቸውን የሚና ጨዋታዎች ለመምራት የሚያገለግሉ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልባቸውን ዲጂታል መሣሪያዎች ይመለከታል። ከቡድኖቻችሁ አንዳንዶቹ ገንዘብ አዋጥተው ከእነዚህ አገልግሎቶች አንዱን ለመግዛት እየተመካከሩ እንደሆነ ከአዘጋጆቹ ስለሰማሁ፣ ንግግሬን ያሰናዳሁት ገና ላልከፈለና ለመክፈል ለሚያስብ ሰው ነው። የማቀርበው ሐሳብም አንድ ነው፤ ማንኛውንም መሣሪያ ስትመርጡ ምን ምን እንደሚሠራ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ክፍያው በቆመ ማግስት ምን እንደሚቀርላችሁ ጠይቁ።

ጨዋታውን ለማያውቁ ወላጆች ጥቂት ልበል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ ጠላቱንና እንግዳውን የሚተርከው እርሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ፤ የድርጊቱ መሳካት በሚያጠራጥርበት ጊዜ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ከገጸ ባሕርዩ ችሎታ ጋር ተደምሮ ውጤቱን ይወስናል። አሸናፊና ተሸናፊ የለውም፤ ታሪኩም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ልጆቻችሁ ተሰብስበው ሲከራከሩ የምትሰሙት ይህንኑ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከክርክሩ ብዙው የሒሳብ ክርክር ነው። ዲጂታል መሣሪያውን የወለደውም ይኸው ሒሳብ ነው።

ከጨዋታዎቹ ቀዳሚ የሆነው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ታተመ፤ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ደራሲዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር. በ1997 ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ፤ ዊዛርድስን ደግሞ በ1999 ሃዝብሮ የተባለው የመጫወቻ አምራች ገዛው። በእነዚያ ዓመታት ለገበያ የሚቀርበው በዋናነት የታተመ መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉን አንዴ የገዛ ሰው ለአሳታሚው ሌላ ዕዳ አልነበረበትም፤ ያውሰዋል፣ ለታናሹ ያወርሰዋል፣ አሳታሚው ቢሸጥም ቢለወጥም ይጫወትበታል።

በ2008 የጨዋታው አራተኛ እትም ሲወጣ ኩባንያው ዲ ኤንድ ዲ ኢንሳይደር የተባለ የደንበኝነት አገልግሎት ጀመረ፤ «ዲ ኤንድ ዲ» የጨዋታው ስም አጭር መጠሪያ ነው። አራተኛው እትም ስሌቱ የበዛ ስለነበር ገጸ ባሕርይ የሚያዋቅረው ፕሮግራም በእርግጥ የሚያስፈልግ ነበር፤ ብዙዎችም ከፈሉ። ፕሮግራሙ በኋላ በብራውዘር ውስጥ ፕሮግራሞችን በሚያሠራው በማይክሮሶፍት ሲልቨርላይት ላይ እንዲሠራ ተደረገ፤ ሲልቨርላይት ከአገልግሎት እየወጣ ሲሄድ መሣሪያዎቹም አብረውት አረጁና በ2020 መባቻ ተዘጉ። ዛሬ የአራተኛው እትም መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ያለው ሰው መጫወት ይችላል፤ ለዓመታት የከፈለበት ፕሮግራም ግን የለም። ማንም አላታለለውም። ውሉ ሲጀመርም ለአገልግሎት እንጂ ለንብረት አልነበረም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምታነሡት፣ የደንብ መጻሕፍት የሚከማቹበትና ገጸ ባሕርይ የሚዋቀርበት ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ነው። በ2017 የጀመረው ከርስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ሲሆን፣ ከዚያ ፋንደም ወደተባለ ኩባንያ ተዛወረ፤ በ2022 ደግሞ ሃዝብሮ በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አሠራሩን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ወርሃዊውን ከከፈለ መጻሕፍቱ ሁሉ የሚከፈቱለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መጻሕፍቱ ለየብቻ ይሸጣሉ። በነጻ የተመዘገበ ሰው ስድስት ገጸ ባሕርያት ብቻ መያዝ ይችላል፤ በወር ወደ 3 ዶላር የሚጠይቀው ሂሮ የተባለው ደረጃ ይህን ገደብ ያነሣል፤ ወደ 6 ዶላር የሚጠይቀው ማስተር ደግሞ ከፋዩ የገዛቸውን መጻሕፍት በአንድ ዘመቻ፣ ማለትም በአንድ ተከታታይ ታሪክ ውስጥ አብረውት ለሚጫወቱ ሁሉ እንዲያጋራ ያስችለዋል። ለእንደኛ ዓይነቱ ቡድን ቁም ነገሩ ያለው በማጋራቱ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ይከፍላል፣ ሌሎቹ በነጻ ተመዝግበው ይገባሉ። አምስት ተጫዋች አምስት ሂሮ የገዛበት ቡድን ካለ ገንዘቡን በከንቱ አውጥቷል። ይህም ሆኖ ክፍያው ሲቋረጥ ማጋራቱ ይቋረጣል፤ የተገዛው መጽሐፍ ከገዛው ሰው አካውንት ጋር ይቀራል፣ የተቀሩት ተጫዋቾች ግን ባዶ እጃቸውን ናቸው።

መሣሪያውን ለማጣጣል የመጣሁ እንዳይመስላችሁ እፈልጋለሁ። ደንቡን አንብቦ ያልጨረሰ ጀማሪ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትክክለኛ ገጸ ባሕርይ ይዞ እንዲነሣ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። አጫዋቹም የጭራቁን አቅም ፍለጋ ገጽ ሲያገላብጥ ጨዋታው አይቀዘቅዝበትም። በአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጠረጴዛ ላይ የአምስት ደቂቃ ዝምታ ምን እንደሚያስከትል አጫውታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የእድር መዋጮ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። መዋጮውን ያቋረጠ ከእድሩ ይወጣል፤ እስከዚህ ድረስ የደንበኝነት ክፍያ ከእድር ጋር ይመሳሰላል። በእድር ግን መተዳደሪያ ደንቡ የሚለወጠው አባላቱ ተሰብስበው ሲስማሙ ነው። በዲጂታሉ አገልግሎት ደንቡን የሚለውጠው ሻጩ ሲሆን፣ ለከፋዩ የቀረለት ድምፅ መክፈሉን ማቆም ብቻ ነው።

ያ ድምፅ ግን ሁለት ጊዜ ተሰምቷል። በጥር 2023 ዊዛርድስ ከ2000 ጀምሮ ሌሎች አሳታሚዎች የጨዋታውን ደንብ እንዲጠቀሙ ይፈቅድ የነበረውን ክፍት ፈቃድ ሊለውጥ እንዳሰበ የሚያሳይ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ፤ ረቂቁ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አሳታሚዎች ድርሻ የሚጠይቅ ነበር። ተጫዋቾች ተቃውሟቸውን የገለጹት የዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ደንበኝነታቸውን በመሰረዝ ሲሆን፣ ኩባንያው በዚያው ወር መጨረሻ አሳቡን ለውጦ የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንብ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት በሚያስችል በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀው። ሁለተኛው በነሐሴ 2024 የሆነው ነው። አዲሱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ሊወጣ ሲል፣ በዲጂታል ገጸ ባሕርያት ቅጽ ላይ ያሉት፣ በ2014 ከወጣው ከቀድሞው መጽሐፍ የተወሰዱ አስማቶችና አስማታዊ ዕቃዎች በአዲሶቹ እንደሚተኩ ተገለጸ፤ የቀድሞውን መጽሐፍ ገዝተው በመሐል ዘመቻ ላይ የነበሩ ሰዎች ተቆጡ፤ ውሳኔውም በቀናት ውስጥ ተሻረ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ግን ከአንድ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈለገውን አንድ ክፍል ብቻ በትንሽ ዋጋ መግዛት የሚቻልበት አሠራር ሲቀር፣ ቅሬታው ምንም አልመለሰውም። ይህኛው ለውጥ ይበልጥ የጎዳው ገንዘብ የሚያጥረውን ተጫዋች ነው፤ ማለትም እኛን።

ሌላው የመሣሪያ ዓይነት ጠረጴዛውን ራሱን የሚተካው ነው፤ ካርታ ይዘረጋል፣ ዳይስ ይጥላል፣ በተለያየ ከተማ ያሉ ተጫዋቾችን ያገናኛል። ከ2012 ጀምሮ ያለው ሮል20 በነጻ ያስጀምራል፤ ከዚያ በላይ ፕላስና ፕሮ የተባሉ የክፍያ ደረጃዎች አሉት። እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩ ከቆመበት ሊያየው የሚችለውን ብቻ የሚያሳየው የብርሃንና የጥላ አሠራር ለረጅም ጊዜ ለከፋዮች ተለይቶ የቆየ ነበር። በ2020 የወጣው ፋውንድሪ ደግሞ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ 50 ዶላር አንዴ ይከፈላል፣ የሚከፍለውም አጫዋቹ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ተጫዋቾቹ በብራውዘር ይገባሉ። በወር 6 ዶላር የሚከፍል ሰው በዘጠነኛው ወር ከዚህ ዋጋ ያልፋል። ንጽጽሩ ፍጹም ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንዱ የደንብ መጽሐፍ ማከማቻና ገጸ ባሕርይ ማዋቀሪያ ነው፣ ሌላው ጠረጴዛ ነው። ክፍያው ሲቆም ምን ይቀራል ለሚለው ጥያቄ ግን የፋውንድሪ መልስ የተሻለ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ይህ ልዩነት ከዋጋም ያለፈ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና መቋረጡም ለወራት ሲዘልቅ፣ ገጸ ባሕርዩንና ማስታወሻውን ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ ያኖረ ሰው ጨዋታው አብሮ ተቋርጦበታል። በራስ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ግን ፈቃዱ አንድ ጊዜ ከተረጋገጠ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በአንድ ክፍል ዋይፋይ ሊያገናኝ ይችላል። ጉድለቱም አይደበቅ፤ ፋውንድሪ የተሠራው ለሰፊ ስክሪን ስለሆነ በስልክ መጫወት አስቸጋሪ ነው፣ ከእናንተም አብዛኛው የያዘው ስልክ ነው። ስለዚህ ለአንድ ክፍል ቡድን ላፕቶፑን አጫዋቹ ካርታ ለማሳየት ቢጠቀምበትና የገጸ ባሕርዩ ቅጽ በወረቀት ቢሆን ይሻላል። መብራት በጠፋ ጊዜም ወረቀቱ ይነበባል።

ስለ አከፋፈሉ ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እነዚህ አገልግሎቶች በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር አይከፈሉም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃሉ። በዚህ የተነሣ ቡድኖች ውጭ አገር ላለ ዘመድ ብር ያስተላልፉና እርሱ በካርዱ ይከፍልላቸዋል። ይህን የምታደርጉ ከሆነ አካውንቱ በዘመዳችሁ ሳይሆን በአጫዋቹ ኢሜይል ይከፈት። ክፍያው በየወሩ ራሱን በራሱ እንዳያድስም መጀመሪያውኑ አጥፉት፤ ዘመድ በረሳው ካርድ ላይ በየወሩ የሚቆረጥ ዶላር ከጨዋታው ያለፈ ቅያሜ ያመጣል። ከተቻለ ደግሞ ሙሉ ዓመት አትግዙ። አንድ ዘመቻ ስታካሂዱ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ከፍላችሁ፣ ከመቋረጡ በፊት የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ቅጽ በፒዲኤፍ አውርዳችሁ አትሙ።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማስቀድመው ያለ ክፍያ የሚገኘውን ነው። በ2023 የተለቀቀው የደንብ ማጣቀሻ ሰነድ ኤስ.አር.ዲ. 5.1 ይባላል፤ ወደ 400 ገጽ ያለው ፒዲኤፍ ሲሆን አሥራ ሁለቱንም የገጸ ባሕርይ መደቦች (እንደ ተዋጊና አስማተኛ ያሉ የሙያ ዓይነቶች)፣ የውጊያውን ደንብ፣ አስማቶቹንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጭራቆችን ይዟል። ከታተመው መጽሐፍ የሚያንሰው በምርጫ ብዛት ነው፤ ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ንዑስ መደብ ብቻ ተሰጥቷል። በ2025 የአዲሱ እትም ማጣቀሻ 5.2ም በተመሳሳይ ፈቃድ ወጥቷል። አንዴ አውርዳችሁ በስልካችሁና በፍላሽ ካስቀመጣችሁት ማንም መልሶ አይወስደውም፤ ፈቃዱም የማይሻር ነው።

ይህ ፈቃድ ማንበብና መጫወት ብቻ አይደለም የሚሰጣችሁ። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ መተርጎም፣ ማሳጠር፣ መለወጥ፣ ማሳተም፣ መሸጥም ትችላላችሁ። ከምጠቅሳቸው አገልግሎቶች አንዱም ደንቡን በአማርኛ አያቀርብም፤ በወር የሚከፈለው ገንዘብም ይህን ጉድለት አይሞላም። የአማርኛውን ደንብ የምታዘጋጁት እናንተ ብትሆኑ፣ ለአንድ ዓመት ደንበኝነት የሚወጣው ገንዘብ ለበርካታ ቅጂ ፎቶ ኮፒ ይበቃል። የሚጫወትበት አገርም ከውጭ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው፣ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ይመላለሱበት የነበረው የንግድ መንገድ፤ የይፋት ሱልጣኔት ዘመን፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የመንዝ ጓሳና ሣሩን በቄሮ ሥርዓት ዘግቶና ከፍቶ ሲጠብቅ የኖረው ማኅበረሰብ፤ በጭጋግ የሚሸፈነው የጣርማ በር፤ እያንዳንዳቸው ለአንድ ዘመቻ የሚበቃ ጠብ፣ ድርድርና ምስጢር አላቸው። ጓሳውን ያለ ጊዜው የከፈተው ማን ነው ተብሎ የሚጀመር ታሪክ ከማንኛውም ተገዝቶ ከሚመጣ ጀብዱ ይልቅ እዚህ ያለውን ተጫዋች ይይዘዋል የሚል እምነት አለኝ።

ሥራውን ለመጀመር ለምትፈልጉ፣ ቅደም ተከተሉን ልጠቁም። በቅድሚያ የችሎታ ፈተናንና የዳይስ አጣጣልን የሚያስረዳውን ክፍል ተርጉሙ፤ በእርሱ ብቻ መጫወት ይቻላል። ቀጥሎ ውጊያውን፣ ከዚያ አራት ያህል መደቦችን ብቻ ያዙ። አስማቶቹ እጅግ ረጅሙ ክፍል ስለሆኑ ለመጨረሻ ይቆዩ፣ ለየቡድኑም ይከፋፈሉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰነዱ ራሱ የሚያዘውን የምንጭ መግለጫ ሳታጓድሉ አስገቡ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚለውን የንግድ ስም ግን በሽፋኑ ላይ አትጻፉ፤ ፈቃዱ ደንቡን እንጂ የንግድ ምልክቱን አይጨምርም። «ከአምስተኛው እትም ጋር የሚስማማ» ማለት ተፈቅዷል። ሰነዱን በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁና የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ መቅዳት ትችላላችሁ፤ አሁን ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።