ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሦስት ይቅርታ

እንዴት ከረማችሁ? ሦስት ሳምንት ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ፣ የሆስፒታል ዲዩቲ፣ ተረኝነት ማለት ነው፣ ተደራርቦብኝ ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ቤት ልጆቹ አላስቀዳ ስላሉኝ መኪናዬን ይዤ አሞራ ገደል መጥቻለሁ፣ ሐይቁ ዳር አቁሜ መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው የማወራችሁ። የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ታገሱኝ፣ ሐዋሳ ነው ያለነው። ፊት ለፊቴ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሳ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ ዝም ብለው ቁልቁል ሲያዩ፣ ራውንድ ላይ፣ በሽተኛ እየዞረ ሲያይ፣ የቆመ ፕሮፌሰር ነው የሚመስሉት። ተማሪ እያለሁ ይህን ቀልድ ለማን እንደምነግር እመርጥ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በቅርቡ አዲስ ለሚገቡ ሬዚደንቶች፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚማሩ ሐኪሞች፣ የተዘጋጀ አቀባበል ላይ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ብጠራውም ለውጥ የለውም፣ ፕሮግራሙ የትም ቦታ አንድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሃይላንድ ውሃ ተደርድሯል፣ ከመድረኩ በላይ ባነር ተሰቅሏል፣ «ብቁ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ለማፍራት ቁርጠኛ ነን» ይላል። ሦስት ሰው ንግግር አደረገ። ሦስቱም ቁርጠኛ ነን አሉ። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ።

ሳምንት ሳይሞላው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

ተረኛዋ አር ዋን ናት፣ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ማለት ነው። «ይቅርታ ዶክተር፣ በጣም ይቅርታ፣ በዚህ ሰዓት ስለረበሽኩዎት ይቅርታ» አለችኝ። ሦስት ይቅርታ። ስለ በሽተኛው ገና ምንም አልነገረችኝም። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ፣ ምንድን ነው?» አልኩ። ቃሉ ላይ ችግር የለም። ድምፄ ላይ ግን ነበር። የዛሬ ስንት ዓመት የፈራሁትን የአንድ ሰው ድምፅ ራሴ ጉሮሮ ውስጥ ሰማሁት። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከሕክምና ውጭ ያላችሁ አድማጮች ስላላችሁ ትንሽ ላስረዳ። ሬዚደንት ተማሪ ብቻ አይደለም። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ተመርቋል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ወረዳ ላይ ብቻውን ሆስፒታል ሲያንቀሳቅስ ቆይቷል። ከዚያ ተፈትኖ፣ ጤና ቢሮ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ስፖንሰር አድርጎት፣ እንደ ትምህርቱ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ዓመት ስፔሻሊቲ ይማራል። ሲጨርስ ደግሞ የአገልግሎት ግዴታ አለበት። በእነዚህ ዓመታት ያክማል፣ ኢንተርኖችን፣ ለመመረቅ የተቃረቡ የሕክምና ተማሪዎችን፣ ያስተምራል፣ ጥናት ይሠራል፣ ያድራል። ማስተማሪያ ሆስፒታል ሌሊት ከሄዳችሁ የሚቀበላችሁ ሐኪም እሱ ነው።

ቃሉ ራሱ እኮ ነዋሪ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት፣ ዊልያም ኦስለር በውስጥ ደዌ፣ ዊልያም ሃልስተድ በቀዶ ሕክምና ይህን ሥርዓት ጀመሩት። ሬዚደንቶቹ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። የቀበሌ ነዋሪ ሳይሆን የዋርድ ነዋሪ በሉት። ሃልስተድ ታላቅ ቀዶ ሐኪም ነው፣ ጥያቄ የለውም። ግን ኮኬይንን ለማደንዘዣነት ራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ ያዘው፣ በኋላም ሞርፊን። ዛሬ ድረስ «እኛ እንዲህ ነው የሠለጠንነው» እያልን የምንኮራበት እንቅልፍ አልባነት እዚያ ቤት ነው የተጠነሰሰው። አንዳንዴ ይህን ሳስብ ይገርመኛል።

ወደ ስልኩ ልመለስ። በሽተኛው የ17 ዓመት ልጅ ነው (ዝርዝሩን ትንሽ ቀያይሬዋለሁ)። ከገጠር ነው የመጣው፣ ስኳር እንዳለበት አያውቅም፣ ሲያስታውከው ሰንብቶ ራሱን ሊስት ደርሷል። ግሉኮሜትሩ፣ የስኳር መለኪያው፣ ቁጥር መስጠት አቅቶት «ሃይ»፣ ከፍተኛ፣ ብቻ ነው የሚለው። ዲኬኤ ነው፣ ኢንሱሊን ጠፍቶ ደም አሲድ የሚሆንበት አደገኛ የስኳር በሽታ ደረጃ። ሬዚደንቷ ፈሳሽ ጀምራለታለች። ጥያቄዋ፣ ፖታሲየሙ 2.9 ነው፣ ኢንሱሊኑን ልጀምር ወይስ ልጠብቅ የሚል ነው።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኼ ነው። ኢንሱሊን ስኳሩን ብቻ አይደለም ወደ ሴል የሚያስገባው፣ ፖታሲየሙንም ይዞት ይገባል። ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ድሮም ዝቅ ያለ ከሆነ ኢንሱሊኑ ጭራሽ ያወርደዋል፣ ከዚያ ልብ ምቷ ይዛባል፣ ልትቆምም ትችላለች። ስለዚህ ከ3.5 በታች ከሆነ ኢንሱሊኑ ይቆያል፣ ቅድሚያ ፖታሲየም ይሰጣል። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። አንብባዋለች። የፈለገችው «ልክ ነሽ» የሚላት ሰው ነው፣ ምክንያቱም አስታማሚዎቹ በራፉ ላይ ቆመው መድኃኒቱ ለምን አልተሰጠውም እያሏት ነው፣ እሷ ደግሞ ሲዳምኛ አትችልም፣ የሚያስተረጉምላት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። እዚህ ከተማ ለሚሠራ ይኼ አዲስ አይደለም። ከሲዳማ ገጠር የመጣ አለ፣ ከሻሸመኔ በኩል ኦሮምኛ የሚናገር አለ፣ ከወላይታ አለ። ሬዚደንቱ ደግሞ ከጎጃም ወይም ከአዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። «የት ጋ ነው የሚያምህ» የሚለው ጥያቄ ሦስት አፍ ዞሮ ነው የሚደርሰው።

ለምን እንዲህ በዝርዝር አነሳሁት? ይኸው ፖታሲየም አንድ ጊዜ እኔንም አስምጦኝ ስለነበር ነው።

የተማርኩት ሐዋሳ አይደለም፣ የት እንደሆነ ይቅር። አር ዋን ነኝ። አንድ ሌሊት ሲኒየሬ ጋ፣ የበላይ ሐኪሜ ጋ ማለት ነው፣ ደወልኩ። የጠየቅኩት ነገር ቀላል ነበር፣ አልዋሽም፣ ማወቅ ነበረብኝ። «ይህን ሳታውቅ ማን ነው ያስገባህ?» አለኝና ዘጋው። ጠዋት ሞርኒንግ ላይ፣ የሌሊቱ በሽተኞች በሚቀርቡበት ስብሰባ፣ ሃያ ምናምን ሰው በተቀመጠበት፣ «ሌሊት ቀስቅሶኝ የነበረው ጎበዝ የቱ ነው?» አለ። ተነሣሁ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ በኋላ አልደወልኩም።

ሁለት ሳምንት ይሆናል፣ አንዲት እናት በዲኬኤ ገቡ። የፖታሲየሙን ውጤት መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። ዘገየ፣ ሌላ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ትንፋሽ አጥሮታል፣ ኢንሱሊኑን ጀመርኩት። አንዲት ሲስተር ነበረች፣ እድሜዋ ከእናቴ የማይተናነስ፣ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «ዶክተርዬ፣ ይህን አይተኸዋል?» አለችኝ። 2.7 ይላል። ቀና ስል ድሪፑን ራሷ ዘግታዋለች፣ እኔን ሳትጠብቅ።

ሴትዮዋ ዳኑ። በእግራቸው ሄደው ቤታቸው ገቡ። እኔ ግን ጠዋት ሞርኒንግ ላይ ኬዙን ሳቀርብ ያንን ነገር አልተናገርኩትም። ሁሉን ነገር በቅደም ተከተሉ እንደሠራሁ አድርጌ አቀረብኩት። «ጥሩ ማኔጅመንት» ተባልኩ። የሲስተሯን ስም እንኳ አላነሳሁም። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፣ እዚህ መኪና ውስጥ ሆኜ ለስልኬ።

በአማርኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይባላል። ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለ። ሁለቱንም አያቶቻችን ናቸው የተናገሩት፣ እንደፈለግን እንመርጣለን። ሬዚደንሲ ያስተማረኝ የመጀመሪያውን ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ግን የለም።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሌ የሚነሳ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ልጅ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ሌሊት ያዩዋት በሥልጠና ላይ ያሉ ሁለት ሐኪሞች ናቸው፣ አንዷ ኢንተርን፣ እዚያ የመጀመሪያ ዓመት ሐኪም ማለት ነው። ቀድሞ ስትወስደው ከነበረው የድብርት መድኃኒት ጋር የማይስማማ ፔቲዲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት። ሲኒየሩ በስልክ ነው የተማከረው፣ አልመጣም። አባቷ ጋዜጠኛ ነበር፣ ነገሩን አለቀቀውም፣ እስከ ሕግ ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ሬዚደንት በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላው አሜሪካ የ80 ሰዓቱ ገደብ ሆነ።

ሰው የሚያስታውሰው 80 የሚለውን ቁጥር ነው። እኛም ቡና ላይ ስንከራከር ያው እሱን ነው የምናነሳው። ይህን ሕግ ያስከተለውን ኮሚቴ የመራው ሐኪም በርትራንድ ቤል ግን ዋናው ነገር ሰዓቱ አይደለም፣ ከሬዚደንቱ አጠገብ የሚቆም በቂ ሲኒየር መኖሩ ነው እያለ ለዓመታት ተከራክሯል። ሰሚ ያገኘው ሰዓቱ ነው። ሰዓት ይቆጠራላ! «ሲኒየሩ ሲደወልለት ምን ዓይነት ድምፅ አወጣ» የሚለውን ማን ይቆጥረዋል?

እንቅልፍ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። 30 ሰዓት ሠርቶ ባጃጅ ውስጥ ተኝቶ ሰፈሩን ያለፈ ሬዚደንት አውቃለሁ። አቶቴ መውረድ ሲገባው መጨረሻው ድረስ ሄዷል። ክፍያውም ሌላ ራስ ምታት ነው፣ እሱን ዛሬ ከከፈትኩት አንዘጋውም።

ደግሞ ከየት እንደመጣን አልረሳም። ድሮ ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር፣ ከሄዱትም ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። በ1970ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ጥቁር አንበሳ፣ እዚሁ እናሠልጥን ተብሎ ሲጀመር ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ሐዋሳም ሬዚደንት ይሠለጥናል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እኮ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም ከእርሻ ኮሌጁ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ባነሩ ባዶ አይደለም። በሩ ተከፍቷል፣ ወንበሩ አለ። እኔ የምለው፣ ያ ሁሉ ቁርጠኝነት መጨረሻ ላይ የሚደርሰው አንድ ሰው አልጋ ውስጥ ሆኖ በሚያነሳው ስልክ ነው። በዚያ ሌሊት ትምህርት ቤቱ ማለት እኔ ነበርኩ፣ ያውም እያዛጋሁ።

ሄድኩ። መሄድ አያስፈልግም ነበር፣ በስልክ ያልቅ ነበር። ከኔ ቤት በሌሊት ሰባት ደቂቃ ነው። ልጁ አልጋ አጠገብ ቆመን ቁጥሩን አብረን አየን፣ ፖታሲየሙን ሰጠነው፣ ደግመን ለካን፣ ሊነጋጋ ሲል ኢንሱሊኑ ተጀመረ። ጠዋት ሻይ ቤት «ለምንድን ነው ሦስት ጊዜ ይቅርታ ያልሽው?» አልኳት። ገረማት። «ብያለሁ እንዴ?» አለችኝ። ከኢንተርንነቷ ጀምሮ እንደ ሃሎ ነው የምትለው፣ አይታወቃትም።

ከዚያ ያደረግኩት ነገር ትንሽ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሳትጠይቁ፣ ሳትፈሩ ደውሉልኝ የምልባቸውን ጉዳዮች ጻፍኩ። ፖታሲየም፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ራሱን የሳተ በሽተኛ፣ አስታማሚ የተቆጣበት ጉዳይ ሳይቀር። ዲዩቲ ክፍሉ በር ላይ ለጠፍኩት። ኮርቼበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ከትናንት በስቲያ ሳልፍ አየሁት። ከታች በእስክሪብቶ አንድ ሰው ጨምሮበታል። «ካርድ ከየት?» ይላል።

እኔ እሱን አላሰብኩትም። ሰው በገዛ ደሞዙ ካርድ እየሞላ ነው ለሆስፒታል የሚደውለው። እስክሪብቶ አውጥቼ ከሥሩ «ሚስኮል አድርጉ፣ እኔ እመልሳለሁ» ብዬ ጻፍኩበት።

ትናንት ሌሊት አራት ሚስኮል ገብቶልኛል። አንዱ የባለቤቴ እህት ናት። በሉ፣ ዓሳ ልግዛና ልግባ፣ ቻው።