አታንሱት፣ እዩት

የተከበራችሁ የእግር ጉዞ ወዳጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

እዚህ አምስት ኪሎ፣ ድንቅነሽ ካለችበት ብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ ተሰብስበን ስለ ቅሪተ አካል መነጋገራችን በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችሁ ዓባይ በረሃ ወርዳችኋል፤ የምትወርዱም አላችሁ። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ መጀመሪያ የምታገኙት ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እሱን እለፉት። አሸዋማውንም እለፉት። ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ሲጀምር ግን ቀስ በሉ። ያ ድንጋይ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የባሕር ወለል ነበር። ዛጎሉ ሙሉ ሆኖ ይጠብቀኛል አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በተሰበረው ድንጋይ ፊት ላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ የጎበጠ ቀጭን መስመር ነው። ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ጎልቶ ይወጣል። ሙሉውን ካገኛችሁ ደግሞ አንዱን ክዳን መሃል ለመሃል በዓይናችሁ ክፈሉት። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ የተባለው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ባይቫልቭ የተባለው ሌላው ባለ ሁለት ክዳን የመሆን ዕድሉ ይሰፋል።

በድንጋይ ስንጥቅ ላይ ጥቁር ቅርንጫፍ የመሰለ ነገር አይታችሁ ቅጠል ነው ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ብዙውን ጊዜ ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን ነው። ያምራል፣ ግን ሕይወት አልነበረውም። የቅጠል ቅሪት ከሆነ እንደ ደም ሥር ያሉት የቅጠሉ መስመሮች ይታያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የምታገኙትን አታንሱ። የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀው አጥንቷ ተመርምሮ አይደለም፤ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ከነበረችበት ንጣፍ ጋር ከተደራረበው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ኪስ ውስጥ ገብቶ አዲስ አበባ የመጣ ጥርስ ግን ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ማን ይነግረናል? ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳየው ከልቤ አዝናለሁ።

በየካቲት 2008 ዓ.ም. እዚያው አፋር ወራንሶ ሚሌ ላይ አንድ የአፋር ሰው የጥንት የሰው ዘር የላይኛውን መንጋጋ አገኘ። ቦታው ስለታወቀ የቀረው የራስ ቅል ከዚያው አቅራቢያ ተገኘ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱ የራስ ቅል እሱ ነው። መንጋጋው ብቻውን ገበያ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ፊት አሁንም አፈር ውስጥ ነበር።

እናንተ ምን አድርጉ? አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ቀርባችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ገደሉን በሙሉ አንሱ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የጂፒኤስ ቁጥሩን እዚያው መዝግቡ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ያዛል።

ስልካችሁ ውስጥ ምን እንደሆነ ያላወቃችሁት ፎቶ ካለ ከሻይ በኋላ ወደ እኔ አምጡት፤ አብረን እናየዋለን። የሚያጓጓ ነገር ከሆነ ቦታውን ጽፈን ዛሬውኑ እናሳውቃለን።

አመሰግናለሁ።