እጅ የማይጎዳ የሪቮልቨር እጀታ፦ ከጎማና ከእንጨት በፊት ምን ይታያል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሪቮልቨር፤ ሲሊንደሩ ወደ ጎን ወጥቶ ባዶ ቀዳዳዎቹ ይታያሉ]

ጤና ይስጥልኝ። ሪቮልቨር ስትተኩሱ መሐል ጣታችሁ እየተመታ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ወይም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ የሚቀላ ከሆነ፣ ሁሉንም ጥፋት በጥይቱ ላይ አትጣሉ። ፋብሪካው እጀታውን የሠራው ለአማካይ እጅ ነው፤ የእናንተ እጅ ግን አማካይ ላይሆን ይችላል። ደግነቱ ከሪቮልቨር ክፍሎች ሁሉ ለመቀየር የሚቀለው እጀታው ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ብሎን ብቻ ነው የሚፈታው።

ሰው እጀታ ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጎማ ይሻላል ወይስ እንጨት?» ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው የማነሳው። ለስላሳ የሆነ ሁሉ ምቹ አይደለም። ቅርጹ ካልተስማማ የጎማው ልስላሴ አያድናችሁም፤ ቅርጹ ከተስማማ ደግሞ ደረቅ እንጨትም እጅ ላይ ደስ ይላል።

ከዚህ በኋላ የማሳያችሁን ሁሉ በባዶ መሣሪያ ነው የምትሞክሩት። ሲሊንደሩን (ጥይቶቹን የሚይዘውን ተሽከርካሪ ክፍል) ክፈቱ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ፤ ጥይቱን ሁሉ ከምትሠሩበት ቤት ውጭ አስቀምጡት። አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይሁን።

[ምስል፦ ሪቮልቨር ከጎን፤ ከአፈሙዙ ወደ ኋላ የተሰመረ መስመር ከእጁ በላይ ሲያልፍ]

ይህን መስመር ተመልከቱ። ጥይቱ የሚሄድበት መስመር ከእጃችሁ በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሽጉጡ ሲራገጥ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ብቻ አይገፋም፤ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል፣ እጀታውም መዳፋችሁ ውስጥ ይሽከረከራል። የእጀታው የላይኛው ጉብታ የአውራ ጣታችሁን ሥር ይወጋል፣ የምላጭ መከላከያው ቀለበት ደግሞ የመሐል ጣታችሁን አንጓ ይመታል። ተንሸራታች ባለው ሽጉጥ ስፕሪንጉና ወደ ኋላ የሚሄደው ብረት ግፊቱን ትንሽ ያዘገዩታል። በሪቮልቨር ግን እንዲህ ያለ አደላዳይ የለም፤ የሚመጣው ሁሉ በእጀታው በኩል ወደ እጃችሁ ይመጣል።

ክብደቱንም አስቡት። .357 ማግነም ጥይት እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወጣ የተሠራለት ትልቁ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ነበር፤ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዛሬ ያንኑ ጥይት የሚተኩሰው 340ፒዲ የሚባለው የኪስ ሪቮልቨር ክብደቱ ወደ 320 ግራም ገደማ ነው። እጀታ መቀየር ከዚህ ጥይት ጉልበት አንዲት ጠብታ አይቀንስም። የሚቀይረው ጉልበቱ የት ላይ እንደሚያርፍና በምን ያህል ስፋት እንደሚከፋፈል ነው። ይህን ማወቅ ከብዙ ማስታወቂያ ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፦ ከእጀታው ጀርባ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት።

[ምስል፦ ከላይ የተነሳ እጅ፤ አፈሙዙና የክንዱ አጥንት በአንድ መስመር ላይ]

ባዶውን ሪቮልቨር ያዙና አፈሙዙን ከክንዳችሁ ጋር በአንድ መስመር አድርጉ። እጃችሁን ሳታዞሩ ሌባ ጣታችሁን ምላጩ ላይ አሳርፉ። መዶሻውን በአውራ ጣት ሳትስቡ፣ በምላጩ ብቻ ከሆነ የምትተኩሱት፣ ጣታችሁ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ወይም ለእሱ ቀረብ ብሎ መድረስ አለበት። የዚህ ዓይነት ምላጭ ብዙውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ይጠይቃል። ሽጉጡ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ከሆነ የምትስቡት ጉልበት የመሣሪያውን ክብደት አሥር እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። በጣት ጫፍ ብቻ ይህን መሳብ ይከብዳል፤ ስትስቡም አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄድባችኋል።

ጫፉ ብቻ ከደረሰ እጀታው ለእናንተ ወፍራም ነው። እዚህ ላይ ሰው ሳያውቀው የሚያደርገው ነገር አለ፦ ምላጩ ጋ ለመድረስ እጁን ወደ ጎን ያዞራል። ያኔ የእጀታው ጀርባ ከመዳፉ መሐል ይለቅና የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ አጥንት ላይ ይቀመጣል። ርግጫው በሙሉ እዚያች አጥንት ላይ ያርፋል። «ይህ ሽጉጥ አውራ ጣቴን ይሰብረኛል» የሚል ሰው ብታገኙ መጀመሪያ ይህን ፈትሹለት። ብዙዎች ደግሞ ሲያማቸው ይበልጥ ወፍራም የሆነ ጎማ ይገዛሉ፤ ምላጩ ይርቃል፣ እጁ ይበልጥ ይዞራል፣ ሕመሙም ይብሳል።

በተቃራኒው ጣታችሁ መታጠፊያውን አልፎ ወደ ውስጥ ከገባ እጀታው ቀጥኗል፤ ከኋላ የሚሞላ ያስፈልጋችኋል።

እጀታዎች በዚህ ረገድ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት የፍሬሙን፣ ማለትም እጀታው የሚገጠምበትን የሽጉጡን የብረት አካል፣ ጀርባ ክፍት ይተወዋል፤ መዳፋችሁ ብረቱን ይነካል። ሌላው ጀርባውን ይሸፍናል። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ለጣት ግን ጥቂት ሚሊሜትር ብዙ ነው። ጣታቸው አጠር ያለ ሰዎች ጀርባው ክፍት የሆነውን ይምረጡ። ጣታቸው ረዘም ያለ፣ ከባድ ጥይት የሚተኩሱ ደግሞ ጀርባው የተሸፈነውን ይሞክሩ፤ ብረቱን ከሥጋቸው ይለይላቸዋል።

[ምስል፦ ከምላጭ መከላከያው ቀለበት ኋላ ያለው ክፍተት በቅርበት]

ሁለተኛው ቦታ ይህ ነው። ከምላጩ ቀለበት ኋላ፣ ከፍሬሙ ፊት ያለው ክፍተት። የድሮ ቀጫጭን የእንጨት እጀታዎች ይህን ባዶ ይተዉታል። ለመያዝ ያምራሉ፤ ስትተኩሱ ግን ቀለበቱ ወርዶ የመሐል ጣታችሁን አንጓ ያገኘዋል። ለዚህ ሙሉ እጀታ መቀየር ላያስፈልግ ይችላል። ታይለር የሚባለው ትንሽ የብረት መሙያ አለ፤ በቀጫጭን የመዳብ ጆሮዎች ፍሬሙን ይይዝና የድሮው እጀታ ከላይ ይገጠምበታል። የሽጉጡ መልክ ብዙም አይለወጥም፣ ጣቱም ይተርፋል። የድሮ ሪቮልቨር ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

መሙያው ግን ከልክ በላይ እንዳይሆን። በጣም ከሞላ እጃችሁን ወደ ታች ይገፋዋል፤ እጃችሁ ሲወርድ የአፈሙዙ መስመር ይበልጥ ከፍ ይላል፣ መነሳቱም ይጨምራል። እጃችሁ መዶሻውን ሳይነካ የቻለውን ያህል ወደ ላይ መውጣት አለበት።

ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ ወገን አለ። እ.ኤ.አ. በ1873 የተጀመረው ኮልትና እሱን የተከተሉ፣ መዶሻቸው በአውራ ጣት የሚሳብ ሪቮልቨሮች እጀታቸው ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ሲተኮሱ መዳፍ ውስጥ እንዲንከባለሉ ነው የተሠሩት። እነዚህን በሚያጣብቅ ጎማ ጨምድዶ መያዝ ተፈጥሯቸውን መቃወም ነው። ለስላሳ እንጨት ይስማማቸዋል።

ስለ ጣት ጎድጓዶች ልናገር። እጀታው ፊት ላይ ለሦስት ጣት የተቦረቦሩት ማለቴ ነው። ፎቶ ላይ ሲታዩ ምቹ ይመስላሉ። ጎድጓዱ ከጣታችሁ ውፍረት ጋር ከገጠመ እሰየው! ካልገጠመ ግን በጎድጓዶቹ መካከል ያለው ሸንተረር ጣታችሁ ሥር ይገባና በእያንዳንዱ ተኩስ ያንኑ ቦታ ይጫነዋል። ሌላው ጣጣ ደግሞ የላይኛው ጎድጓድ ዝቅ ብሎ ከጀመረ እጃችሁ ከፍ ሊል ቢፈልግም አይፈቅድለትም። ለራሴ የምመርጠው ፊቱ ልሙጥ የሆነውን ነው። ሪቮልቨሩን ከአንድ በላይ ሰው የሚተኩስበት ከሆነማ ጎድጓድ ያለውን አትግዙ።

[ምስል፦ ሁለት እጀታዎች ከኋላ፤ አንዱ ከላይ እስከ ታች እኩል፣ ሌላው መሐሉ ያበጠ]

ከኋላ ስታዩት ደግሞ ከላይ ቀጠን ብሎ መሐሉ ላይ ትንሽ ያበጠ እጀታ መዳፍን ይሞላል። መዳፍ ሲሞላ ግፊቱ ሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። እብጠቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ለቀኝ እጅ ወይም ለግራ እጅ ተብሎ የተሠራ ነውና ግራኞች ሳትጠይቁ አትግዙ።

ግራ ጎኑ ላይ ሌላም የሚታይ አለ። ሲሊንደሩ የሚወጣው በብዙዎቹ በግራ በኩል ነው። እጀታው እዚያ ላይ ተቆርጦ ካልሳሳ ቀለህ ስታወጡ ይይዝባችኋል፤ ስፒድሎደር (ጥይቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያጎርስ መያዣ) የምትጠቀሙ ከሆነም አያስገባም። ባሩድ የሌላቸውን የልምምድ ጥይቶች ሞልታችሁ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጉና ማውጫውን አንዴ ምቱ። ለእጀታው ቅርብ የሆነችው ቀለህ ጫፏ እጀታው ላይ ተደግፋ ከቀረች፣ እጀታው የቱንም ያህል ቢመች ሥራውን አልሠራም።

አሁን ቁሱ። ጎማ፣ ፓክማየርና ሆግ የሚባሉት እጀታ ሠሪዎች የሚታወቁበት፣ ርግጫን ያለዝባል፣ በላብም በዝናብም አያዳልጥም። ሆግ ጀርባው ላይ ይበልጥ ለስላሳ ነገር የተከተተበትም ይሠራል፤ ለቀላልና ለሚራገጥ ሽጉጥ ጥሩ ነው። የጎማ ችግሩ መጣበቁ ነው። ልብስ ሥር የሚያዝ ከሆነ ጨርቁን ይዞ ይነሳል። ከአፎቱ ሲወጣም እጃችሁ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ላይ ይቀራል፤ ተሳስታችሁ ከያዛችሁት ማስተካከል ይቸግራል። ልሙጥ እንጨት ግን እጅ ቦታውን እስኪያገኝ ይፈቅዳል። ፍርግርግ የተቀረጸበት እንጨት በከባድ ጥይት ቆዳ ይልጣል፤ ብዙ የምትተኩሱ ከሆነ ይታሰብበት። ከመስታወት ክርና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጂ10 ዘይትም ውሃም አይገባውም፣ አይሰነጠቅም፤ ግን እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በተላለፈ ውሳኔ ስለታገደ እሱን እንለፈው።

[ምስል፦ እጀታው የወለቀ ሁለት ፍሬም ጎን ለጎን፤ አንዱ ታቹ ክብ፣ ሌላው ማዕዘን]

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፍሬሞች በፊደል ይለያሉ። ጄ ትንሹ ነው፤ ኬ እና ኤል የእጀታ መጠናቸው አንድ ነው፤ ኤን ትልቁ የድሮ ፍሬም ነው። መጠኑ ቢገጥምም ታቹ ክብ ወይም ማዕዘን ሊሆን ይችላል። የሞዴሉ ስም ብቻውን አይበቃም፦ ሞዴል 19ን ብትወስዱ አፈሙዙ አጭር የሆነው ታቹ ክብ ሲሆን የባለ 4 ኢንቹ የድሮ ምርት ማዕዘን ነው። ክቡን ፍሬም ወደ ማዕዘን ቅርጽ የሚያሳድግ እጀታ ይገኛል፤ ማዕዘኑን ግን ብረቱን ሳይቆርጡ ማሳነስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የሩገር ጂፒ100 ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። እጀታው ውስጥ ያለው ቀጭን ምሰሶ ብቻ ስለሆነ ሠሪው የፈለገውን ቅርጽ ሊያለብሰው ይችላል። ለትንሽም ለትልቅም እጅ የሚሆን እጀታ ማግኘት የሚቀለው ለእሱ ነው።

[ምስል፦ ካቻቢቴ፣ በከፊል የተፈታ ብሎን]

አሮጌውን ስታወልቁ ካቻቢቴ በእንጨቱና በብረቱ መካከል ከትታችሁ አትፈልቅቁ፤ ጠርዙ ይሰበራል። ብሎኑን ጥቂት ዙር ብቻ ፍቱና የብሎኑን ራስ በካቻቢቴው እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። በወዲያኛው በኩል ያለውን ገጽ ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ከዚያ ብሎኑን ጨርሳችሁ አውጡ።

ከወለቀ በኋላ ብረቱን እዩ። ላብ እዚያ ሥር ይጠራቀማልና ዝገት ካለ ጠርጉት፣ ስስ ዘይት ቀቡት። ዝርግ ስፕሪንግ ባላቸው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች ከፍሬሙ ፊት፣ ወደ ታች ገደማ፣ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ስፕሪንጉን የምትወጥረው እሷ ናት። ከላላች መዶሻው ጥይቱን በደንብ አይመታውም፣ ይከሽፋል፤ እስከ መጨረሻ የጠበቀች መሆኗን አሁን አረጋግጡ፤ አንዳንድ እጀታ ይሸፍናታልና በኋላ አታዩአትም።

አዲሱን ስትገጥሙ ፍሬሙ ታች ላይ ያለችው ትንሽ ፒን በእጀታው ውስጥ ካለው ቀዳዳ ጋር መግጠሟን አረጋግጡ። ፒኗ ሳትገባ ብሎኑን ካጠበቃችሁት እንጨቱ ይሰነጠቃል። ብሎኑ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ይጥበቅ። ከመጀመሪያው የተኩስ ቀን በኋላ እንደገና ሞክሩት፤ አዲስ እጀታ ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላል።