የንጉሡ ልደትና የእኛ ጃንዋሪ 1
(በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፐርዝ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አባላት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከትናንት በስቲያ መስቀልን አክብረን ዛሬ ደግሞ የአውስትራሊያም ንጉሥ በሆኑት በእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ልደት ምክንያት ሥራ ተዘግቶልን ለመገናኘት ስለበቃን እንኳን አደረሳችሁ። ንጉሡ የተወለዱት በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1948 ነው፤ ዛሬ ሴፕቴምበር 29 ነው።

እዚህ በመጣሁበት ዓመት፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ በሕይወት ሳሉ፣ ሜልበርን ያለው ወንድሜ ጁን ላይ ደውሎ «ነገ የንግሥቲቱ ልደት ነው፤ ሥራ የለም» አለኝ። እኔም አምኜው እስከ ረፋዱ ተኛሁ፤ ቡናዬን አፍልቼ አቦሉን እንደጨረስኩ፣ ቶናው ሳይደርስ የፈረቃ ኃላፊዬ ደወለ። ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቀኝ በኩራት «የንግሥቲቱ ልደት ስለሆነ» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «እዚህ ገና አልተወለዱም» አለኝ። አሁን ያስቃል፤ የዚያን ቀን ደመወዜ ግን ተቆርጧል።

ሰውየው አልተሳሳተም። ሜልበርንና ሲድኒ በጁን ሁለተኛው ሰኞ የሚያከብሩት ቀን ጁን 3 ከተወለዱት ከቀድሞው ንጉሥ ከጆርጅ አምስተኛ የተረፈ ነው፤ ጆርጅ በ1936 ሞቱ፣ ቀኑ ግን ቀረ። በእኛ ክፍለ ግዛት የጁንን መጀመሪያ የምሥረታው በዓል ስለያዘው ልደቱን አገረ ገዥው በየዓመቱ በአዋጅ ወደዚህ ወቅት ያመጡታል። ኩዊንስላንድ ኦክቶበር ላይ፣ ኒውዚላንድ በጁን የመጀመሪያው ሰኞ፣ ካናዳ በሜይ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም ያከብራሉ። ለንደን ውስጥ የልደቱ ሰልፍ ጁን ላይ የሚደረገው የኖቬምበር ልጅ የነበሩት ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ብራ ቀን ፈልገው ስላዛወሩት ነው፤ ሠራተኛው ግን በዚያ ሰበብ እረፍት አያገኝም።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ፦ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ስንት ሰው አለ? እናቴ የወለደችኝ ኅዳር 12፣ ሚካኤል ዕለት፣ ጤፍ ሲታጨድ ነው፤ ንጉሥ ቻርልስን በሳምንት ብቻ እከተላቸዋለሁ። በስደት ሳለሁ ፎርም የሞላልኝ ጸሐፊ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈ። ይታረምልኝ ብዬ ባመለከትኩ ጊዜ «የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ» ተባልኩ። ለአንድ ሰው ልደት ሦስት ዓይነት ቀን የሚያውጅ አገር ለእኔ አንዷን፣ እውነተኛዋን፣ ነፈገኝ! ኤድዋርድ ልደታቸውን ሲያዛውሩ ወረቀት የጠየቃቸው ማን ነበር?

ኮሚቴው የልደት ቀናችን እንዲታረም በጋራ የምናቀርበውን ማመልከቻ ጀምሯል። በሩ አጠገብ ደብተር ተቀምጧል፤ እናቶቻችሁ የነገሯችሁን ቀን ጻፉበት። ኅዳር 12 የሚለው የእኔ ነው።