ፒክአፕ በሊዝ መያዝ ያዋጣል?

(ምስል፦ የዲለር ግቢ፤ የተሰለፉ አዳዲስ ፒክአፖች)

አገር ቤት «ሊዝ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን መሬት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን መኪናም በሊዝ ይያዛል፤ በየወሩ እየከፈላችሁ ትነዱታላችሁ፣ ውሉ ሲያልቅ ትመልሱታላችሁ። ዛሬ ስለ ፒክአፕ እናውራ። የፎርዱ ኤፍ-150 ይሁን የቶዮታው ታኮማ፣ ጥያቄው ያው ነው። ሊዝ ይሻላል ወይስ መግዛት?

በሊዝ የምትከፍሉት የመኪናውን ሙሉ ዋጋ አይደለም። እናንተ እጅ በቆየበት ጊዜ ለሚወርደው ዋጋ ነው የምትከፍሉት። በዚያ ላይ ወለድ አለ። ስለዚህ ዋጋው ቶሎ የማይወርድ መኪና ለሊዝ ይመቻል። ፒክአፕ፣ በተለይ ታኮማ፣ ዋጋውን በመያዝ የታወቀ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ ስሌቱ)

በምሳሌ እንየው። መኪናው 50,000 ዶላር ነው እንበል። ውሉ 36 ወር ነው። መጨረሻ ላይ 30,000 ያወጣል ተብሎ ውሉ ውስጥ ተጽፏል። የሚወርደው 20,000 ለ36 ሲካፈል በወር 556 ገደማ ነው። ወለዱ 6 በመቶ ከሆነ በወር 200 ይጨምራል። ድምሩ 756፤ ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ ሳይገባ። ያንኑ መኪና በዚያው ወለድ ለ60 ወር በብድር ብትገዙት ግን በወር 967 ገደማ ትከፍላላችሁ።

ልዩነቱ 211 ዶላር ነው። ዲለሩ ጎላ አድርጎ የሚያሳያችሁ ይህንን ነው። እስቲ ሌላውንም ጎን እንየው። በብድር የገዛው ሰው ከ36 ወር በኋላ 21,800 ያህል ዕዳ ይቀረዋል። መኪናው 30,000 ካወጣ፣ 8,200 ያህሉ የእሱ ነው። በሊዝ የያዘው ደግሞ በሦስት ዓመት 7,600 ያህል ቆጥቧል። አያችሁ? በጣም ይቀራረባል። እኔ ሊዝን ኪሳራ ነው ብዬ አልፈርጅም። ዋናው ነገር አነዳዳችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ወለዱን ስትጠይቁ «መኒ ፋክተር» ብለው 0.0025 የምትል ትንሽ ቁጥር ሊነግሯችሁ ይችላሉ። በ2,400 አባዟት፤ 6 በመቶ ትሆናለች።

(ምስል፦ ጣውላና የቀለም ባልዲ የተጫነበት ፒክአፕ)

ፒክአፕ ላይ ሊዝ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ፒክአፕ የሚይዙት ሊሠሩበት ነው። ቀለም ቅብ፣ ታይል፣ ዕቃ ማጓጓዝ። የሊዝ ውል ደግሞ የሚቀጣው ሥራን ነው። አብዛኛው ውል በዓመት 10,000፣ 12,000 ወይም 15,000 ማይል ይፈቅዳል። ውላችሁ 12,000 ሆኖ 20,000 ብትነዱ፣ በሦስት ዓመት 24,000 ማይል ታልፋላችሁ። ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል 25 ሳንቲም ቢሆን፣ 6,000 ዶላር ነው። ከቆጠባችሁት አብዛኛው በአንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። ብዙ እንደምትነዱ ካወቃችሁ፣ ተጨማሪ ማይል ገና ስትፈርሙ ግዙ፤ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል።

ጭነቱም እንዲሁ ነው። የኋላው ሲቧጨር፣ ሲጎደጎድ፣ መኪናው ሲመለስ ያስከፍላል። የዕቃ ሣጥን ለማሰር መብሳት ወይም መኪናውን ከፍ ማድረግም አይቻልም። መኪናው የእናንተ አይደለማ።

ጥሩ ጎኑ ምን አለው? ፎርድም ቶዮታም ሼቭሮሌም አጠቃላይ ዋስትናቸው 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው። በዓመት 12,000 ማይል የምትነዱ ከሆነ፣ ውሉ እስኪያልቅ ዋስትናው አብሯችሁ ነው። ትልቅ የጥገና ወጪ አያስጨንቃችሁም። መኪናውን ለመሸጥም ገዢ አትፈልጉም። ቤተሰብ ለሚያጓጉዝ፣ ቅዳሜ ዕለት ብቻ ጥቂት ዕቃ ለሚጭን ሰው ሊዝ ደህና ምርጫ ነው።

ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ግን፣ በየዓመቱ የሚመጣው የመኪና ታክስ ሊዝ ላይም አለ። ሂሳቡ መጀመሪያ የመኪናው ባለቤት ለሆነው የሊዝ ኩባንያ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ እናንተ ይዞራል። ወርሃዊ ወጪያችሁን ስታሰሉ አትርሱት።

ትልቅ ዳውን ፔይመንትም አትስጡ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። መኪናው በሁለተኛው ወር ቢጋጭና ከጥቅም ውጭ ቢሆን፣ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለባለቤቱ ኩባንያ ነው። ቀድማችሁ የሰጣችሁት ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ቀሪ ዕዳ የሚከፍለው «ጋፕ» ውሉ ውስጥ መኖሩንም ሳትፈርሙ ጠይቁ።

(በስክሪኑ ላይ፦ የውሉ ገጽ፤ 30,000 የሚለው ቁጥር ተከቦ)

የቀረችን ይህቺ ቁጥር ናት። ብዙ ውሎች መጨረሻ ላይ መኪናውን በዚህ ዋጋ እንድትገዙ ይፈቅዳሉ። ቁጥሩ የሚወሰነው ገና ስትፈርሙ ነው። በ2021 እና በ2022 መኪና ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ጠፍቶ ያገለገለ መኪና ዋጋው ሲሰቀል፣ ሊዝ የነበራቸው ብዙ ሰዎች መኪናቸውን ከገበያው በጣም ባነሰ ዋጋ ገዝተው አስቀሩ። ውላችሁ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው፣ ያን ቁጥርና የሰፈራችሁን የገበያ ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ገበያው ከበለጠ፣ ቁልፉን ከመመለሳችሁ በፊት የመግዣውን ክፍያ በዝርዝር ጠይቁ።