ቁልፉን ማን ተረከበ? ከለንደን ወደ ቤልፋስት የተሻገረው የፖሊስና የፍትሕ ሥልጣን

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ርክክብ ነው፤ የመንግሥት ሥልጣን ርክክብ። አንድ አገር አቀፍ ፓርላማ በእጁ የነበረውን ኃላፊነት ለአንድ አካባቢ ምክር ቤት ሲያስረክብ ምን ይሻገራል፣ ምን ይቀራል፣ የትስ ላይ ይሰናከላል? ምሳሌዬ በለንደን መንግሥት ሥር ያለችው ሰሜን አየርላንድ ናት፤ ዋና ከተማዋ ቤልፋስት ነው። የማነሣቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጋዘን ተረክቦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አዲስ ንብረት ጠባቂ ሲመደብ ቁልፍ ብቻ ተቀብሎ አይገባም። ዕቃው ይቆጠራል፣ የገቢና የወጪ ደረሰኞቹ፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22፣ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ፣ የጎደለው ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበታል። ሳይቆጠር የገባ ሰው የቀድሞው ያጎደለውን ሁሉ ይሸከማል። የመንግሥት ሥልጣንም እንዲሁ ነው። ዜና የሚሆነው ቁልፉ ነው፤ ዓመታት የሚፈጀው ግን ቆጠራው ነው።

ሰሜን አየርላንድ ከ1921 ጀምሮ የራሷ ፓርላማ ነበራት፤ በኋላ በገባበት ሕንፃ ስም ስቶርሞንት ተባለ። ፖሊሱም በዚያ መንግሥት ሥር ነበር። በ1972 ጃንዋሪ ማብቂያ የብሪታንያ ወታደሮች በዴሪ ከተማ ሰልፈኞች ላይ ከተኮሱ በኋላ፣ በማርች ወር የኤድዋርድ ሂዝ መንግሥት ሕግና ሥርዓት የማስከበሩን ሥራ ለንደን ትረከባለች አለ። የስቶርሞንቱ የብራያን ፎክነር ካቢኔ ይህን አልቀበልም ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ፓርላማውም ታገደ። እንግዲህ ያ መንግሥት የወደቀው በትምህርት ወይም በመንገድ ሥራ ሳይሆን ፖሊስ በማን እጅ ይሁን በሚለው ጥያቄ ነው። የ2010ሩ ርክክብ ያን ያህል ለምን እንደከበደ ለመረዳት ይህ መታወስ አለበት።

በ1998 የስቅለት ዓርብ የሚባለው የሰላም ስምምነት ተፈረመ፣ በዚያው ዓመትም የሰሜን አየርላንድ አዋጅ ወጣ። አዋጁ የመንግሥትን ሥራ በሦስት መሳቢያ ከፈለው። በመጀመሪያው ለንደን የማትለቃቸው ናቸው፦ ዘውዱ፣ የውጭ ጉዳይ፣ መከላከያ፣ የአገር ደህንነት፣ ገንዘብ። በሁለተኛው ለጊዜው ለንደን የያዘቻቸው፣ ሁኔታው ሲፈቅድ ግን ሊሻገሩ የሚችሉ ናቸው፤ ፖሊስ፣ የወንጀል ሕግና ማረሚያ ቤት እዚህ ነበሩ። በሁለቱም ዝርዝር ያልተጻፈ ነገር ሁሉ በሦስተኛው መሳቢያ ይገባል፤ የቤልፋስቱ ምክር ቤት ነው።

እኛም አገር አጻጻፉ ከዚህ ይቀራረባል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለፌዴራሉና ለክልሎች በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል። ዌልስ ውስጥ ደግሞ እስከ 2018 ኤፕሪል የተጻፈው የሚሰጠው ነበር፤ ያልተጠቀሰው የለንደን ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። የሚሰጠው በሚዘረዘርበት ቦታ ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ ባወጣ ቁጥር ሥልጣኔ ነው ብሎ ማስረዳት ይኖርበታል፤ የዌልስ ምክር ቤት በ2012 ያጸደቀው የመጀመሪያው አዋጅ እንኳ፣ ስለ አካባቢ አስተዳደር ደንቦች የወጣው፣ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው የደረሰው። እኔ ከሁለቱ የምመርጠው የሚቀረው የሚጻፍበትን ነው።

ወደ ሁለተኛው መሳቢያ ልመለስ፤ መክፈቻው ከባድ ነበርና። የፖሊስና የፍትሕ ጉዳይ እንዲሻገር ጥያቄውን ለምክር ቤቱ ማቅረብ የሚችሉት ቀዳሚ ሚኒስትሩና ምክትላቸው በጋራ ብቻ ናቸው። አንደኛው ከዩኒየኒስቶቹ፣ ማለት ከብሪታንያ ጋር መኖርን ከሚሹት ወገን ነበሩ፣ ሌላኛው አየርላንድ አንድ እንድትሆን ከሚፈልጉት ከናሽናሊስቶቹ። ድምፅ ሲሰጥም ሦስት ልኬት አለ፤ ከመራጮቹ ሁሉ አብላጫ፣ ከዩኒየኒስቶቹ ለብቻ አብላጫ፣ ከናሽናሊስቶቹም ለብቻ አብላጫ። ከዚያ በኋላ ነው የለንደኑ የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር የማሻገሪያ ትእዛዙን ረቂቅ ለዌስትሚኒስተር፣ ማለት ለለንደኑ ፓርላማ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች የሚያቀርበው።

በኦክቶበር 2006 የሴንት አንድሩስ ስምምነት ሲደረስ የታሰበው ሥልጣኑ በሜይ 2008 እንዲሻገር ነበር። ቀኑ አለፈ። ከዚያ ከጁን እስከ ኖቬምበር 2008 የቤልፋስቱ ካቢኔ ለአምስት ወር ያህል ስብሰባ አልተቀመጠም፤ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጉዳይ ነው። በመጨረሻ ከዐሥር ቀን ገደማ ድርድር በኋላ በፌብሩወሪ 5 ቀን 2010 በሂልስቦሮ ቤተ መንግሥት ተስማሙ። ማርች 9 ምክር ቤቱ 88 ለ17 አጸደቀ። ተቃዋሚዎቹ የአልስተር ዩኒየኒስት ፓርቲ አባላት ነበሩ፤ ትልቁ የዩኒየኒስት ፓርቲ፣ የፒተር ሮቢንሰን ዲዩፒ፣ ስለደገፈ ግን የዩኒየኒስቶቹም ልኬት ሞላ። ኤፕሪል 12 ቀን 2010 ሥልጣኑ ተሻገረ፤ ከ38 ዓመት በኋላ።

ቀረብ ብለን ሥልጣኑን ያሻገረውን ሰነድ፣ ማለት ትእዛዙን፣ እንየው። አዋጅ ሲጻፍ ሥልጣን የሚሰጠው ለሹመት ስም ነው። የማረሚያ ቤት ደንብ የሚያወጣው «ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት»፣ ማለት የለንደኑ ሚኒስትር፣ ነው ተብሎ ተጽፏል። ያ ቃል በየአዋጁ፣ በየደንቡ ተበትኗል፤ አንዳንዱ አዋጅ የግማሽ ምዕተ ዓመት ዕድሜ አለው። ርክክቡን የሚያዘጋጁት የሕግ ባለሙያዎች እያንዳንዱን አንቀጽ አንሥተው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ይህ ሥራ ይሻገራል? ከተሻገረ ለሚኒስቴሩ ነው ወይስ ለሌላ አካል? በአንድ አንቀጽ ውስጥ የሚሻገርና የማይሻገር ተቀላቅሎ ቢገኝስ? ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው። አንድ እስረኛ በተራ ወንጀል ከታሰረ ጉዳዩ የቤልፋስት ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ የአገር ደህንነት መረጃ ካለ ግን ያ ገጽ የለንደን ነው። ስለዚህ አንዱን አንቀጽ ለሁለት ሰንጥቆ መጻፍ ግድ ይሆናል። ትእዛዙ ረጅም ሆኖ አባሪ በአባሪ ላይ የተደረበበት ለዚህ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ፤ እዚህ ግን ያልተጻፈው አይወረስም ብቻ ሳይሆን ባለቤት አልባ ይሆናል።

እንዲህ ባለ ትእዛዝ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገቡ፣ ማንም ተራ አንባቢ ዘልሏቸው የሚያልፍ አንቀጾች አሉ። የቀድሞው ባለሥልጣን የሰጠው ፈቃድ፣ የፈረመው ውል፣ ያወጣው መመሪያ አዲሱ እንዳደረገው ይቆጠራል። በፍርድ ቤት የተጀመረ ክስ ተከሳሹ ስለተቀየረ አይቋረጥም። ንብረት፣ መብትና ዕዳ አብሮ ይሻገራል። እነዚህ ባይጻፉ በማርች ክስ የመሠረተ ሰው ኤፕሪል 12 ጠዋት ማንን እንደከሰሰ አያውቅም ነበር። እኔ ከሰነዱ ሁሉ የምሳሳላቸው ለእነዚህ ነው፤ ዜጋውን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

ዕዳው ላይ ትንሽ ልቆይ። የቀድሞ ፖሊሶች ጥይት ሲለማመዱ በቂ የጆሮ መከላከያ አልተሰጠንም፣ መስማታችን ተጎዳ ብለው በብዛት ካሳ ይጠይቁ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው ፖሊሱ በሌሎች መንግሥታት ሥር ሳለ ነው፤ ክፍያው የሚወድቀው ግን በተረካቢው ላይ ነው። ቤልፋስት ይህን አይታ ቁልፉን አልቀበልም ብትል ልክ ነበረች። በኦክቶበር 2009 የጎርደን ብራውን መንግሥት ወደ 800 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት ጥቅል አቀረበ፤ የጆሮ ካሳው አንዱ ዋና ጉዳይ ነበር፣ የቀድሞ የጦር ካምፖችን በነፃ ማስረከብም ነበረበት። ያ ካልሆነ አዲሱ ሚኒስትር በመጀመሪያው ዓመት ለካሳ ሲል ከፖሊስ ደመወዝ ወይም ከፍርድ ቤት በጀት መቁረጥ ይገባ ነበር። ተረካቢ ገንዘቡን ከፊርማ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ከፊርማ በኋላ ሰጪው ምን ይጨንቀዋል?

ወንበሩስ? በቤልፋስት የሚኒስትር ወንበሮች የሚከፋፈሉት ፓርቲዎቹ ባላቸው መቀመጫ ብዛት በቀመር ነው። የፍትሕ ወንበር በዚያ ቀመር ቢሰጥ ለዲዩፒ ወይም ለትልቁ የናሽናሊስት ፓርቲ ለሺን ፌን ሊደርስ ይችል ነበር፤ አንዱ ፖሊሱን በሌላው እጅ ማየት አይችልም። ስለዚህ ለዚህ ወንበር ብቻ ልዩ መንገድ ተበጀ፤ ሚኒስትሩ ከሁለቱም ወገን ድጋፍ አግኝቶ በምክር ቤቱ ይመረጣል። የአሊያንስ ፓርቲ መሪ ዴቪድ ፎርድ ተመረጡ። አሊያንስ ራሱን ከዩኒየኒስትም ከናሽናሊስትም አያስመዘግብም፤ «ሌሎች» በሚለው ነው የሚገባው። በዚህ ምክንያት የፓርቲው አባላት ድምፅ ከሁለቱ የወገን ልኬቶች በአንዱም አይቆጠርም። በወገን ቆጠራው የሌሉት ሰዎች ሁለቱም የሚያምኑትን ወንበር ያዙ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ሚኒስትሩ ግን ፖሊስን አያዝም። ሕግና በጀት የእሱ ነው፤ የፖሊስ አዛዡ ተጠያቂነት ግን በ2001 ለተቋቋመው የፖሊስ ቦርድ ነው፤ ከ19 አባላቱ 10ሩ ፖለቲከኞች፣ 9ኙ ነፃ ሰዎች። ማንን እንደሚይዝ፣ ምርመራውን እንዴት እንደሚያካሂድ የሚወስነው አዛዡ ራሱ ነው። ቦርዱ ከርክክቡ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቀድሞ መቋቋሙ ነው ያዳናቸው፤ የቁጥጥር ቤቱ ሳይሠራ ፖሊስን የሚረከብ አስተዳደር ፖሊሱን ለገዢው ፓርቲ ነው የሚያስረክበው። የአገር ደህንነት መረጃው ሥራ ከ2007 ጀምሮ በለንደኑ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት በኤምአይ 5 እጅ ነው፣ አልተሻገረም። የሰልፍ ጉዳይም በለንደን ቀረ፤ በሂልስቦሮ ሌላ ሥርዓት እንዲተካ ተስማምተው ነበር፣ ሕጉ ግን አልወጣም።

አሁን ደግሞ ርክክቡ ተጠናቆ፣ ሰነዱ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ተረካቢው ወንበሩን ጥሎ ቢሄድስ? በጃንዋሪ 2017 ምክትል ቀዳሚ ሚኒስትሩ ማርቲን ማክጊነስ ሥልጣን ለቀቁ፣ አስተዳደሩም ፈረሰ። ከማርች 2017 እስከ ጃንዋሪ 2020 ድረስ ሚኒስትር አልነበረም። የመንግሥት ሠራተኞቹ ቢሮ ይገባሉ፣ ደብዳቤ ይወጣል፣ ደመወዝ ይከፈላል። በዚህ መሀል የመሠረተ ልማት መሥሪያ ቤቱ ሃይታውን በሚባል የድንጋይ ካባ ላይ የቆሻሻ ማቃጠያ እንዲሠራ ፈቀደ። ነዋሪዎች ተከራከሩ። በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከዚያም ይግባኝ ሰሚው፣ ሚኒስትር በሌለበት ሠራተኞቹ እንዲህ ያለውን ውሳኔ መስጠት አይችሉም አሉ። ያ ፍርድ ለማቃጠያው ብቻ አልቀረም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የተከመረውን ፋይል ሁሉ ቀጥ አደረገው። በዓመቱ ማብቂያ ዌስትሚኒስተር ለሠራተኞቹ ጊዜያዊ ሥልጣን የሚሰጥ አዋጅ አወጣች። ከርክክብ ሰነድ ውስጥ የጎደለው አንቀጽ ይህ ነበር፤ ወንበሩ ባዶ ቢሆን ማን ይፈርማል?

ስኮትላንድ በሌላ መንገድ ሄደች። የ2016ቱ አዋጅ 11 ዓይነት የማኅበራዊ ድጎማ ክፍያዎችን አሻገረ፣ ነገር ግን ሕግ የማውጣቱ ሥልጣን ቀድሞ፣ የማስፈጸሙ ዘግይቶ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድጎማ እየተከፈላቸው ያሉ ሰዎች አሉ፣ ኮምፒውተሩም የለንደን ነው። ሕመምተኛን ለሚንከባከቡ ሰዎች የሚከፈለው ድጎማ በሴፕቴምበር 2018 የስኮትላንድ ዋና ከተማ የኤደንብራ ኃላፊነት ሲሆን፣ ክፍያውን በስምምነት የፈጸመው ያው የለንደኑ መሥሪያ ቤት ነው። ኤደንብራ በዓመት ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ከራሷ ሰጠች፤ የመጀመሪያው 221 ፓውንድ ነበር። በዚህ መንገድ አንድም ሰው ክፍያው ሳይቋረጥበት አዲሱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቀጠረ፣ ሥርዓቱን ሠራ።

ይህ የስምምነት ሥራ ከእኛው «ውክልና» ጋር ይቀራረባል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 50 ንዑስ 9 የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣኑን ለክልሎች በውክልና ሊሰጥ ይችላል፤ በአንቀጽ 94 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወጪውን የሚሸፍነው ወካዩ ነው። የስኮትላንዱ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው፤ ሥልጣኑን የተረከበው አካባቢ ማዕከሉን ወከለ። በሁለቱም ግን የተጠቃሚው አቤቱታ የሚሄደው ወረቀቱን ለጻፈለት ቢሮ ሲሆን፣ ውሳኔውን መቀየር የሚችለው ሌላው ነው። ስለዚህ በክፍያ ደብዳቤው ላይ ሁለት አድራሻ መታተም አለበት፤ የከፋዩም፣ የባለሥልጣኑም።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። በቸር ያገናኘን።