«ቢሮ ናት»

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ክፍል የምቀዳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የንጋቱ አዛን አሁን አበቃ፤ የግቢያችን ዶሮ በመካከል ከጮኸ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰዓቱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ክረምት ነው፤ የጅማ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር እንኳን ድምፅ መቅዳት፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው የሚለውን መስማትም ያስቸግራል። ደንበኞቼን በስልክ ማነጋገር ያለብኝ ከእኩለ ቀን በፊት መሆኑን ያስተማረኝ የቤታችን ጣሪያ ነው።

ለአዲሶቹ አድማጮች፣ እኔ ተርጓሚ ነኝ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ እተረጉማለሁ፤ የጤና በራሪ ጽሑፎች፣ የሥልጠና መጻሕፍት፣ አንዳንዴም ውሎች ይደርሱኛል። ቀጣሪ የለኝም፤ ፍሪላንሰር ነኝ፤ የሚከፈለኝ በቃላት ቁጥር ነው። አምስት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ታድለሽ! ሰዓትሽ በእጅሽ ነው።» እውነት ነው፤ በእጄ ነው። ዛሬ የማወራችሁ በእጄ የነበረውን ሰዓት እንዴት እንዳጣሁትና እንዴት እንዳስመለስኩት ነው።

ከአንድ ቀን ልጀምር። አጥር የምንጋራው ቤት አባወራ አረፉ። ከልጅነቴ የማውቃቸው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ልጄ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?» ሳይሉ የማያሳልፉኝ ሰው ነበሩ። ድንኳኑ የተተከለው መስኮቴ ሥር ነው ማለት ይቻላል። እኔ ግን በማግስቱ የማስረክበው ጽሑፍ ነበረብኝ፤ ወደ 2,000 ቃል ይቀረኝ ነበር። መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የቀብሩ ሰዓት አለፈ። ልቅሶውን እየሰማሁ ስለ እጅ አስተጣጠብ የሚያስረዳ አንቀጽ ተረጎምኩ። ድንኳኑ ውስጥ የገባሁት መሽቶ ነው። ማንም አልወቀሰኝም። ባለቤታቸው እጄን ይዘው «ሥራ በዝቶብሽ ነው፣ አውቃለሁ» አሉኝ። ከወቀሳ ይልቅ ያ አመመኝ።

በዚያ ቀን ባንክ የሚሠራው ወንድሜ ቀብር ቆሟል። መምህሯ የአክስቴ ልጅም ቆማለች። ሁለቱም አለቆቻቸውን አስፈቅደው ነው የመጡት። አለቃ ያላቸው መጡ፤ አለቃ የሌለኝ እኔ ቀረሁ። ፈቃድ የምጠይቀው ሰው ስላልነበረኝ ፈቃድ የሚሰጠኝም አልነበረም። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዝቼ ለአንድ ወር ሰዓቴን መዘገብኩ። የተቀመጥኩበትን ሳይሆን በእርግጥ የተረጎምኩበትን። ኮምፒውተሩ ፊት በቀን 11 ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ፤ የተረጎምኩበት ግን አምስት ሰዓት አይሞላም። ሌላው የት ገባ? ኢሜይል ከፍቶ በመዝጋት አለቀ። መብራት ሲጠፋ «አሁን ይመጣል» እያልኩ በመጠበቅ አለቀ። ከሁሉ በላይ ግን «አንቺ እቤት ስለሆንሽ» በምትል አንዲት ሐረግ አለቀ። አንቺ እቤት ስለሆንሽ፣ ወፍጮ ቤት ድረስ ሂጂ። አንቺ እቤት ስለሆንሽ፣ ሕፃኑን ለአንድ ሰዓት ያዥልኝ። አንቺ እቤት ስለሆንሽ፣ ነይ ቡና ጠጪ። ቡናው ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ ከአቦል በኋላ መነሣት ያስቀይማል። በቡና አገር ተወልጄ ቡና ለጠራኝ ሰው «ጊዜ የለኝም» ማለት አንደበቴ እምቢ ይለኛል፤ እምቢ ማለቱንም እወድለታለሁ። ስለዚህ ቀን የተወሰደብኝን በሌሊት እከፍላለሁ። ሌሊት የተተረጎመውን ደግሞ ጠዋት ተነሥቼ ስመለከተው ግማሹ እንደገና መሠራት አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል፤ በሳምንትም ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቆራረጠ ዕረፍት ያዛል። አዋጁ የወጣው ለአሠሪና ለተቀጣሪ ነው፤ እኔን አያውቀኝም። ነገር ግን እኔ አሠሪ ብሆንና አንዲትን ሴት ሳምንቱን ሙሉ፣ እሑድንም ሳልተውላት፣ በቀን 11 ሰዓት ባስቀምጣት ሰው ምን ይለኝ ነበር? ያቺ ሴት ራሴ ስለሆንኩ ማንም አልከሰሰኝም።

መልሱን ያገኘሁት አጋሮ ነው። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አጎቴ እዚያ ቡና አላቸው። በኅዳር፣ በለቀማው ጊዜ፣ ላፕቶፔን ይዤ ሳምንት ልረዳቸው ሄድኩ። አጎቴ በሕይወታቸው የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ፈርመው አያውቁም። አንዳንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ አንዳንድ ቀን ረፋድ ላይ ደጃፋቸው ተቀምጠው ያወጋሉ። መጀመሪያ «እንደ እኔ ናቸው» አልኩ። አልነበሩም።

ቡና በአንድ ቀን አይቀላም። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ አብረው ይኖራሉ፤ ስለዚህ የቀላው ብቻ እየተለቀመ ወደዚያው ዛፍ ሁለትም ሦስትም ጊዜ ይመለሱበታል። ዛሬ ያልተለቀመው ነገ ይለቀማል። ልቅሶ ከተሰማ ለቀማው ይቆማል፤ ማንም አይጨነቅም። የተለቀመው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ ግን ሌላ ሕግ ይገባል። በየጊዜው መገላበጥ አለበት፤ አለበለዚያ ይሻግታል። ሲመሽ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል፤ ዝናብ ሲያስፈራራም ይሸፈናል። እንግዳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አጎቴ «ቆዩኝ፣ ስጤን ልሸፍን» ብለው ይነሣሉ። እንግዳው አይቀየምም፤ እንዲያውም አብሮ ተነሥቶ ሸራውን በአንድ ወገን ይይዝላቸዋል።

እኔን የገረመኝ ያ እንግዳ ነው። ስጥ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው የተነሣው። የእኔን ጎረቤቶች ግን የእኔ ስጥ የቱ እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። እኔም ራሴ ለይቼ አላውቀውም። ለቀማዬንም ስጤንም አንድ ላይ አደባልቄ፣ ወይ ሁሉንም አላላው ነበር፣ ወይ እንደዚያ እንደ ቀብሩ ቀን ሁሉንም አጠብቀው ነበር።

አጋሮ ሆኜ ለየኋቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ ለቀማ ነው፤ ከሰዓትም፣ ማታም፣ ነገም ይሆናል፤ ሰው ቢያቋርጠኝ ካቆምኩበት ዓረፍተ ነገር እቀጥላለሁ። እርማት ግን ስጥ ነው። የመድኃኒት መጠን የተጻፈበትን ገጽ ከዋናው ጋር ሳስተያይ አንድ ጊዜ ብቋረጥ አንድ መስመር እዘልላለሁ፤ የምዘለው መስመር ደግሞ የአንዲት እናት ልጅ የሚወስደው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የእርማት ሰዓቴ ሆነ፤ አይነካም። ከ6 ሰዓት በኋላ ያለው ቀን ለቀማ ነው፤ ቡናም ወፍጮ ቤትም ሕፃንም ይገቡበታል። ዓርብን ደግሞ ለማንም ደንበኛ አልሸጥም። የሰው ቀን ነው የምለው። በሳምንቱ ልቅሶ ወይም ሕመም ያጎደለብኝን በዓርብ እሞላለሁ፤ ካልጎደለብኝ አርፋለሁ። ገቢዬ ቀንሷል ወይ? በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንሷል። አሁን ግን እርማት እየተመለሰብኝ ያለ ክፍያ ደግሜ የምሠራው ስለቀረ ብዙም አይታወቀኝም።

ሌላው ስጥ ከውጭ ደንበኞች ጋር ያለኝ ቀጠሮ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ። ሁላችንም በአእምሯችን ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመር ለምደናል። የማይታወሰን የእነሱ ሰዓት ራሱ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። አውሮፓውያን በማርች ወር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆንን እኛ የቀናችን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ ይህ አያስፈልገንም። ጀርመን አገር ካለ ደንበኛ ጋር በየሰኞው በእነሱ 10 ሰዓት፣ በእኛ 6 ሰዓት ስብሰባ ነበረኝ። በመጋቢት አንድ ሰኞ 6 ሰዓት ላይ ስገባ ሰዎቹ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ጠብቀው ተበትነዋል። የሁለት ሰዓቱ ልዩነት በአንድ ሌሊት አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። አሁን ሁለቱ እሑዶች ግድግዳዬ ላይ በተሰቀለው የዘመን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ተከብበዋል፤ ቀጠሮ በምይዝበት ጊዜም የእነሱንም የእኔንም ሰዓት ጎን ለጎን ጽፌ እልካለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ለእናቴ መንገር ነበር። እናቴ ለሠላሳ ዓመት ያህል በየቀኑ ወጥታ የሠራች ሴት ናት፤ ለእሷ ሥራ ማለት ጫማ አድርጎ በር መውጣት ነው። ከአጋሮ የተመለስኩ ማታ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ አጎቴ ስጥ ነገርኳት። ልጅ ሳለች ስጥ ትጠብቅ እንደነበር አጫወተችኝ፤ ዶሮ ስታባርር፣ እንቅልፍ ሲጥላት፣ አያቴ ሲቆጧት። ከዚያ ዝም አለች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ዘግቼ እርማት ላይ ነበርኩ። የግቢው በር ተንኳኳ፤ የጎረቤታችን ድምፅ ነው፤ እኔን ትጠይቃለች። ሊጠሩኝ ነው ብዬ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እናቴ ግን እኔ ካለሁበት ክፍል አምስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቢሮ ናት» አለቻት። «በ6 ሰዓት ትወጣለች። ቡናው ያን ጊዜ ይደርሳል፤ አንቺም ነይ።»